የድምፅ ዕድር

በቆቦ ሜዳ ቀን የሚጀመረው በሚዛን ነው። ወገግ ሲል ልጃገረዶቹ የኩባንያው በር ላይ ይሰለፋሉ፣ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ስማቸውን በገዛ ድምፃቸው ይናገራሉ፣ ከዚያ በተራ ሚዛኑ ላይ ይወጣሉ። ሚዛኑ የሴት ድምፅ አለው። ጨዋ ድምፅ ነው፤ ምነው እንደዚህ ያለች ምራት ባገኘሁ ያሰኛል። የቀለለችውን «እንደምን አደርሽ የኔ እመቤት፣ እለፊ» ይላታል። የከበደችውን «እንደምን አደርሽ የኔ እመቤት፣ ዛሬ እረፊ» ይላታል። እረፊ የተባለች ልጅ የምትከራከረው ሰው የለም። ደጋግማ ከተባለች በሩ ስሟን መስማት ይተዋል።

ከሮቢት እስከ ዋጃ፣ ዱሮ ማሽላ ይበቅልበት የነበረው ሜዳ ዛሬ የፀሐይ መስታወት ነው። መስታወቱ አቧራ ከለበሰ መብራት አይሰጥም፤ ስለዚህ በየቀኑ ይወለወላል። ማሽን ሞክረው ነበር፣ የእኛ አቧራ ማሽኑን በላው። ወንድ ሞክረው ነበር፣ ወንድ ይከብዳል፣ መስታወቱ ተሰነጠቀ። ልጃገረድ ግን በባዶ እግሯ መስታወቱን በያዘው ስስ ብረት ላይ ብትሄድ መስታወቱ አይሰማውም። ይህን ያወቀው ሰው ተሸልሟል አሉ።

እንግዲህ ከተማችን እንዲህ ሆናለች። ልጆቹ ከማታ ጀምሮ ውሃ አይጠጡም። ፀጉር ይከብዳል ብለው ይላጫሉ፤ ዱሮ የተላጨች ሴት ስናይ «ማን ሞተባት?» እንል ነበር፣ ዛሬ «ሥራ ይዛለች» እንላለን። እኛ እናቶች ደግሞ «በሞቴ ብዪ» ማለት ትተናል። ጉርሻ የጠላት ሥራ ሆኗል። ባለፈው ፋሲካ አንዲት አያት ከገጠር መጥታ የልጅ ልጇን ብታጎርሳት፣ እናትየው ከእጇ መንጭቃ ለድመት ጣለችው። አያቲቱ በዚያው ቀን ወደ አገሯ ተመለሰች። ማንም አልፈረደባትም፣ በእናትየውም ላይ ማንም አልፈረደም።

እኔ ሐዋ እባላለሁ። የዕድሩ ድንኳን ጠባቂ ነኝ። ዕድራችን ዱሮ የቀብር ነበር። ቀብሩን የከተማው የቀብር አዳራሽ ከወሰደው ወዲህ፣ ማለት አስከሬኑንም ለቅሶውንም የአዳራሹ ማሽን ራሱ ከጨረሰው ወዲህ፣ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ይዘን ቀረን። መሰብሰብ ደግሞ ልማድ ነው፣ አይለቅም። በዚህ ጊዜ ሊቀ መንበራችን ወይዘሮ የሻረግ፣ «ለሞተ ስንሰበሰብ ኖረናል፣ እስቲ ለቆመ እንሰብሰብ» አሉ። ግማሾቻችንን ያስተማሩ ሴት ናቸው፣ ስለዚህ ዛሬም ቢሆን በሌሉበት እንኳ አንቱ እንላቸዋለን። የድምፅ ዕድር የተባለው ያኔ ነው። ደሞዝ የለው፣ ማኅተም የለው፤ ሥራችን የዓለም ሴቶች ሸንጎ ፊት የሚቀርብ ድምፅ ማዘጋጀት ነው።

ሸንጎው በዓመት አንድ ጊዜ ለየወረዳው የድምፅ ተራ ይሰጣል። አንዲት ሴት ትናገራለች፣ በየትኛውም አገር ያለ ጆሮውን ማዋስ የፈለገ ሰው ያዳምጣል። ግድግዳው ላይ የጆሮው ብዛት ይታያል። ጆሮው ከቀዩ መስመር በታች ከወረደ ድምፁ ይዘጋል፣ ለከርሞ ነው። ጨካኝ ሕግ ነው ብንል፣ ዓለም የሚናገር በዝቶበታል ይሉናል፣ እውነትም በዝቶበታል። ግን እስከ መጨረሻው የተሰማ አቤቱታ መልስ አያጣም። ቆላ ያሉት ሴቶች ስለ ማዋለጃ ቤታቸው በተናገሩ በሳምንቱ መርማሪ መጥቶ የተቆለፈውን በር አስከፍቷል። ይህን በዓይናችን ስላየን ነው የምንደክመው።

አምና የተናገሩት ወይዘሮ የሻረግ ራሳቸው ነበሩ። «በመጀመሪያ ደረጃ» ብለው ጀመሩ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሳይደርሱ ጆሮው ሁሉ ተበትኖ ተዘጋባቸው። ዓመቱን ሙሉ የሌሎች ወረዳዎች ዕድሮች ሳቁብን፤ ገበያ ላይ ሳይቀር «በመጀመሪያ ደረጃ ሽንኩርት ስንት ነው?» የሚሉን ነበሩ። አፈርን። ዘንድሮ ማን ይናገር የሚለው ስብሰባ ሲጠራ ሁላችንም በልባችን የያዝነው አንድ ሰው ነው።

ትርንጎ አልቃሽ ነበረች። እንዲያው አልቃሽ ብቻ አይደለችም፤ በራያና በየጁ ምድር ትርንጎ ሙሾ ያላወረደችለት ሟች በወጉ ሞተ አይባልም ነበር። ሟቹን ሳታውቀው፣ በር ላይ ሁለት ነገር ጠይቃ ገብታ፣ የወንድሙን ዓይን እንደ ምንጭ ታፈልቀዋለች። የቀብር አዳራሹ ማሽን ሲያመጣ ማሽኑ የማንንም ስም እያስገባ ያለቅሳል፣ ይረክሳል፣ አይዘገይም። ትርንጎን የሚጠራት ጠፋ። ስሟን ሲጠሩባት እንደ ጡረተኛ ወታደር ቀና ትላለች፣ ከዚያ ውሃ ቅጂልኝ ለማለት የጠሯት ሆኖ ታገኘዋለች። በዕድሩ ውስጥ ከእሷ የበለጠ የቸገራት አልነበረም፤ የቸገራት ግን ሰሚ ነው።

ጦይባ ደግሞ የጎረቤቴ የሰዓዳ ልጅ ናት። አባቷ እንድሪስ በጅቡቲ መንገድ ሄዶ የቀረ ሰው ነው። ሁለት ታናናሾቿን የምታበላ እሷ ናት፣ ሳትበላ። ቁመቷ እንደ አባቷ ነው፤ ዘንድሮ ደግሞ እየተመዘዘች ሄደች። ሥጋ በጾም ይቀንሳል፣ አጥንት አይቀንስም። በክረምቱ መግቢያ ላይ ራሷን ስታ ከብረቱ ወድቃ፣ በመስታወቱና በመስታወቱ መካከል ተጣጥፋ ተገኘች። መስታወቱ ደህና ነበር፣ ስለዚህ ነገሩ አልተወራም።

እሷ ናት ራሷ ወደ እኛ የመጣችው። በገዛ ድምፅዋ መናገር አትችልም፣ በሩ ድምፅዋን ያውቀዋል፤ በማግስቱ ሥራ የለም። እንደዚህ ያለ ሲገጥም ድምፅ ማዋስ የሚባል ወግ አለን። አንዷ ትነግራለች፣ ሌላዋ በእሷ ቦታ ሆና «እኔ» እያለች ትናገራለች። ሕጉ አንድ ነው፦ የነገረችሽን ተናገሪ፣ ያልነገረችሽን አትናገሪ።

ሁለቱ የተገናኙት በእኔ ቤት፣ ድንኳኑ ተጠቅልሎ በሚቀመጥበት ክፍል ነው። ጦይባ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተናገረች። ስለ ውሃው፣ ስለ መላጨቱ፣ አኝከው ስለሚተፉት ምግብ፣ የወር አበባዋ እንደቀረ፣ ብረቱ ከቀትር በኋላ እግር እንደሚያቃጥል። ትርንጎ እያዳመጠች ከንፈሯን ስትመጥ ልጅቷ አስቆመቻት።

«እትዬ ትርንጎ፣ አሳዛኝ አያድርጉኝ» አለቻት። «እንዲያዝኑልኝ አልፈልግም። ሚዛኑ ይነሳ ይበሉልኝ፣ በቃ።»

ትርንጎ እሺ አለች። መሬት ነክታ ማለችላት። እኔ ምስክር ነኝ፣ ከልቧ ነበር።

የተራችን ቀን የስብሰባ አዳራሹ ጢም አለ። ዶሮዎች ተዘጉ፣ ሕፃናት ወደ ወንዝ ተላኩ፣ ትርንጎ ሦስት ቀን ሙሉ ጉሮሮዋን በማር ስታሽ ሰንብታለች። ጦይባ ከበሩ አጠገብ ከሌሎቹ ልጆች ጋር ሻሽ አስራ ቆማለች፤ የማን ነገር እንደሚነገር የምናውቀው ወይዘሮ የሻረግ፣ ትርንጎ፣ ሰዓዳና እኔ ብቻ ነን። የጆሮው ብዛት ግድግዳው ላይ በራ፣ ትርንጎ ጀመረች።

በደንብ ጀመረች። «እኔ በመስታወቱ ላይ የምሠራ ልጅ ነኝ። በየጧቱ እመዘናለሁ» አለች። ቀጥ ያለ ንግግር ነበር፣ ልክ እንደተነገራት። ጆሮው መውረድ ጀመረ። «ውሃ ከማታ ጀምሮ አልጠጣም» አለች። ወረደ። ለካ በዚያ ቀን ብቻ ስለ ውሃ የተናገረ ወረዳ ስንትና ስንት ነው። ቀዩ መስመር እየቀረበ ሲመጣ እኛ በጉሮሯችን ሳይሆን በዓይናችን ጮኽን። ወይዘሮ የሻረግ እጃቸውን ከታች ወደ ላይ እያነሱ «ከፍ አድርጊው» አሉ፣ የአምናው እፍረት ገና አልለቀቃቸውምና። እኔም አነሳሁ። የአዳራሹ ሴት ሁሉ አነሳ። ትርንጎ ግድግዳውን አየች፣ እኛን አየች፣ ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ ጎትታ ወገቧ ላይ ስታስር ሳይ ምን እንደሚመጣ ገባኝ፤ አላስቆምኳትም።

«ስንዴ አልሆንሁ፣ ገብስ አልሆንሁ፣ በሚዛን የምትሰፍሩኝ፤
አንድ ፍሬ ልጅ ነበርሁ፣ ለናቴ ብትተዉኝ።»

ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር ቆመ። ከዚያ ወደ ላይ ዞረ። ትርንጎ ደረቷን መታች። ስንት ዘመን ሳትጠራ የቆየችው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣላት።

«ቀላል ናት ብለው ወሰዷት፣ መስታወት ላይ እንድትቆም፤
ይኸው ነፋስ ወሰዳት፣ ለናቷም አልተረፈችም።»

ሸንጎው በገዛ ፈቃዱ ጊዜ ጨመረልን፤ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብን አያውቅም። አዳራሹ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እዋሻለሁ፤ ልጅቷ ከኋላዬ መቆሟን እያወቅሁ አለቀስኩላት። ዞር ስል ጓደኞቿ ተቃቅፈው ያነባሉ፣ እሷ ግን አታለቅስም፤ አፏን በትንሹ ከፍታ ትርንጎን ታያለች። ሰዓዳ ሁለት ጆሮዋን በመዳፏ ይዛ ሰው እየረገጠች ወጣች። ስለ ሚዛኑ መነሳት በስተመጨረሻ የተናገረ ሰው ካለ እኔ አልሰማሁም።

በማግስቱ መልስ መጣ። ወይዘሮ የሻረግ ድንኳኑ ሥር ሰብስበውን ጮክ ብለው አነበቡት። ሸንጎው ለእናቲቱና ለከተማችን መጽናናትን ይመኛል። ይህን የመሰለ ድምፅ ከብዙ ዘመን ወዲህ አልተሰማም። ድምፁ በክብር በመታሰቢያ ቤት ተቀምጧል።

መጀመሪያ አልገባንም ነበር። መታሰቢያ ቤት ምንድን ነው ተባባልን። የሸንጎው ድምፅ መራጭ ማሽን ነገሩን በዜማው ነው የሚለየው፤ አቤቱታ ወደ መርማሪ ይሄዳል፣ ለቅሶ ወደ መታሰቢያ ይሄዳል። ሙሾ ሲሰማ የሞተ ሰው አለ ብሎ ወሰደው። ምን ያድርግ፣ ማንስ ለቆመ ሰው ሙሾ ያወርዳል? እኛ ነን ያወረድነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ይህንን ያህል የሚያም መሆኑን ግን ያኔ ነው ያወቅሁት።

ወይዘሮ የሻረግ በዚያው ቀን እርማት ጠየቁ። መልሱ ትሑት ነበር። ሟች የተባለችው በሕይወት ካለች፣ ራሷ በስሟና በድምፅዋ ቀርባ ትናገር፤ ይስተካከላል። ሐሰት ያቀረበው ዕድር ግን ከዚያ ወዲህ ተራ አይኖረውም። እንግዲህ እሷ ከተናገረች በሩ ያውቃታል፣ ሥራዋ ያልቃል፤ እኛም ለዘላለም ዲዳ እንሆናለን። ካልተናገረች ሞታለች።

ስብሰባው ረዘመ። ዝም አይነቅዝም ያሉ ነበሩ። ኩባንያው በዓለም ፊት አፍሯል፣ ይበቃል ያሉ ነበሩ። አንዷ እንዲያውም ከሞተች ለምን እንጣላለን ብላ ጀመረችና ምን እንዳለች ሲገባት አፏን ያዘች። በእነዚያ ቀናት ከአላማጣ፣ ከመርሳ፣ ከማላውቃቸው አገሮች ሳይቀር ዕድሮች ወደ ትርንጎ ይልኩ ነበር። ሁሉም ለከርሞው ድምፅሽን አውሺን ይላሉ። ስትጠራ ቀና ትላለች፣ አሁን እውነት እሷን ፈልገው ነው። እኔ ዓይኗን ፈልጌ አጣሁት። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚባል ነገር አለ፤ ስብሰባው ሲያልቅ የወሰንነው ይኸው ነው፣ በቃልም ሳንናገረው። ዝም ለማለት ወሰንን።

ከዚያ አበባው መጣ። የዓለም ሕዝብ ገንዘብ አዋጥቶ በበራሪ ዕቃ ነጭ አበባ በሜዳው ላይ አስበተነ። ከሩቅ በረዶ የጣለ ይመስል ነበር። ቆንጆ ነው አልን። ነገር ግን አበባ መስታወት ላይ ሲወድቅ ከአቧራ አይሻልም፤ ልጆቹ በዚያ ሳምንት እስከ ጨለማ ጠረጉ። ጦይባም ጠረገች። ማታ ስትገባ በቀሚሷ እጥፋት ውስጥ የደረቀ አበባ ይገኝ ነበር፣ እናቷ እያራገፈች ከደጅ ትጥለዋለች።

ሰዓዳ እኔን ሰላም ማለት አቆመች። ከሃያ ዓመት ጎረቤትነት በኋላ ነው። አንድ ቀን በር ላይ ጠብቄ ያዝኳትና ልለምናት ብል፣ «በእኛ ዘንድ ሙሾ ለሞተ እንኳ አይፈቀድም፤ እናንተ ለቆመች አወረዳችሁባት» አለችኝ። እኔም ሙስሊም ነኝ፣ እኔም አውቀዋለሁ።

ጦይባ ግን አትኮርፍም። ይህ ነው የባሰው። በየጥቂት ቀኑ ከሥራ ስትመለስ በቤቴ በኩል አልፋ «ስለ ሚዛኑ መልስ አልመጣም?» ብላ ትጠይቃለች። መታሰቢያ ቤት የሚባለውን ነገር አልነገርናትም። ምን ብለን? አበባውን እንኳ የዓለም ሰላምታ ነው አልናት። ወይዘሮ የሻረግ «እየታየ ነው በሏት» ስላሉን እየታየ ነው እላታለሁ። ታምነኛለች። አላህ ይስጥልኝ ብላ ትሄዳለች፣ እኔ በሩን ዘግቼ ተጠቅልሎ ባለው ድንኳን ላይ እቀመጣለሁ። ጎጆዬ ጠበበችኝ።

በመስከረም ማብቂያ ኩባንያው ለዕድሩ ሰው ላከ። በዓለም ዙሪያ በተሰማው ሐዘን ተነክቷል፤ ላልታወቀችው ልጅ በበሩ ላይ ነጭ ድንጋይ አቁሟል፤ ምርቃቱ ላይ ዕድራችን ድንኳኑን ይዞ የክብር እንግዳ ሆኖ እንዲገኝ ይለምናል። ዓለም በጆሮው ይገኛል። እምቢ ማለት ይቻል ነበር። እምቢ ለማለት ግን ምክንያት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱን መናገር ደግሞ አልቻልንም። ስለዚህ ሄድን። ድንኳኑን የተከልኩት እኔ ነኝ።

ጧት ነበር። ልጆቹ እንደ ወትሮው ተሰልፈዋል፣ ጫማቸውን አውልቀዋል። በአንድ በኩል ድንጋዩ፣ በሌላው በኩል ሚዛኑ። ከድንጋዩ በላይ የጆሮው ብዛት በትልቁ ይበራል፤ እንደዚያ ያለ ቁጥር ዓይቼ አላውቅም። እኛ ነጠላችንን አዘቅዝቀን በድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠናል። ትርንጎ ከፊት ናት፣ ከንግግሩ በኋላ ጥቂት እንድታወርድ ተጠይቃለች። የኩባንያው ሰው አጭር ቃል ተናገረ፣ መልካም ሰው ይመስላል፣ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ለሟቿ የአንድ ደቂቃ ጸሎት እናድርስ አለ።

ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እኔ ግን አንገቴን መድፋት አቅቶኝ ሰልፉን አይ ነበር፤ ጦይባ ከፊት ሦስተኛ ናት። እሷም አንገቷን አልደፋችም። ድንጋዩን አየች፣ ከድንጋዩ በላይ ያለውን ቁጥር አየች፣ ከዚያ ድንኳኑን አየች። ፊቷ ላይ ነገሩ ሲገባት አየሁት። ለማን እየተጸለየ እንደሆነ የነገራት ሰው የለም፣ ከእኛ ፊት ነው ያነበበችው። ያኔ መነሳት እችል ነበር። ትርንጎም ትችል ነበር። ትርንጎ ግማሽ ተነስታ ነበር፣ እጇ ምሰሶውን ይዟል፣ አፏ ተከፍቷል። ልጅቷ በሕይወት አለች ለማለት ልጅቷን መጠቆም አለባት፣ ያ ደግሞ ክህደት ነው፤ ካልጠቆመቻት ሐሰት ነው። እዚያው ግማሽ እንደተነሳች ቀረች።

ጦይባ ከሰልፉ ወጥታ ድንጋዩ አጠገብ ቆመች።

«እኔ ጦይባ እንድሪስ ነኝ» አለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮዋ ነበር፣ ሳይጮህ፣ ሳይርበተበት። «አልሞትኩም። የተለቀሰው ለእኔ ነው። እዚህ ነው የምሠራው።»

ቁጥሩ ወረደ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነበር፤ ሰዎች ተሳስተው የሌላ ወረዳ ድምፅ የሰሙ መስሏቸው ይሆናል። ለጸሎት የመጣ ጆሮ ወሬ ለመስማት አልመጣም። ከዚያ እንደ ተበሳ ማድጋ ፈሰሰ። እሷ ወደ ቁጥሩ ጀርባዋን ሰጥታ ስለነበር አላየችውም።

«በየጧቱ እንመዘናለን» አለች። «የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሚ—»

ጆሮው ከቀዩ መስመር በታች ወረደ፣ ድምፁ ተዘጋ። ከድንጋዩ በላይ ያለው መብራት ጠፋ። እሷ ግን መዘጋቱን ስላላወቀች ጨረሰችው፤ «ሚዛኑ ይነሳ» አለች። የሰማነው እኛ ነን፣ ሰልፉ ነው፣ የኩባንያውም ሰው ነው። እሱ ጫማውን ያይ ነበር። ማንም አልተቆጣትም፣ ማንም አልነካትም። የኩባንያው ሰው እንዲያውም ጎንበስ ብሎ ወደ ሰልፉ እንድትመለስ በእጁ አሳያት። ተራዋ ደርሶ ነበር፣ ሌላ የምታደርገው ስላልነበራት ሚዛኑ ላይ ወጣች።

«እንደምን አደርሽ ጦይባ እንድሪስ የኔ እመቤት» አላት ሚዛኑ፣ ስሟን ጠርቶ። «ዛሬ እረፊ።»

ወረደች። ጫማዋን ፈልጋ አደረገች። ወደ ቤቷ የሚወስደው መንገድ በድንኳኑ ፊት ነው የሚያልፈው፤ ስትመጣ፣ ለሐዘንተኛ እንደሚነሳው፣ ሳናስበው ሁላችንም ብድግ አልን። ትርንጎ ፊት ስትደርስ ቆመች። ልጅቷ አልተቆጣችም። ብትሰድበን በቀለለን። ታላቅ እንደሚያከብር ልጅ ሻሿን አስተካክላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የተናገረችው።

«እትዬ ትርንጎ፣ እኔ ያልኩዎት ይህንን ብቻ ነበር።»

በለቅሶ ቤት ሁሉ ፊቷን ሳትሸፍን ያየናት ትርንጎ ነጠላዋን ጎትታ ፊቷን ሸፈነች። ወይዘሮ የሻረግም ሸፈኑ፣ እኔም ሸፈንኩ። ከነጠላው ውስጥ ሆኜ የምሰማው ሚዛኑን ብቻ ነበር፤ ቀጣይዋን ልጅ እንደምን አደርሽ እያላት ነው።